የእሜቴ ልጆች

አምስቱ ሴት ዶሮዎቻችን ቅዳሜ ጠዋት መኝታ ቤታችን መስኮት ሥር ቆመው እንደ አውራ ዶሮ ጮኹ። መጀመሪያ አንዷ ጀመረች፣ ሁለተኛዋ ተቀበለቻት፣ ከዚያ አምስቱም እየተቀባበሉ ሰፈሩን አናጉት። ባሌ ኪዳነ ወልድ ዓይኑን ሳይገልጥ «የጎረቤት ይሆናል» አለ። እኛ ባለንበት የአሜሪካ ከተማ ሰፈር፣ ኖርዝጌት፣ ቢያንስ በእኛ መንገድ ላይ፣ ከእኛ በቀር ዶሮ የሚያረባ ሰው የለም። አምስቱ እንደገና ሲጮኹ ትራሱን አንስቶ ጭንቅላቱ ላይ ጫነው።

ይህ ሰው ከሳምንት በፊት አንዷ ለመጮህ ስትሞክር «ጉንፋን ይዟታል» ብሎ ነጭ ሽንኩርት ከማር ጋር ያጎረሳት ሰው ነው። አናታቸው ላይ ያለው ሥጋ ቀልቶ ቀጥ ብሎ ሲቆም «የአሜሪካ ዘር እኮ ነው፣ ሴቷም ታበቅላለች» አለኝ። ጅራታቸው ረዝሞ እንደ ማጭድ ሲታጠፍ ደግሞ መኖው ስለተስማማቸው ነው አለ። ሰው ማየት የማይፈልገውን ላለማየት ስንት ምክንያት እንደሚፈጥር የሚጠራጠር ካለ አንድ ቀን ከእኔ ባል ጋር ዶሮ ቤት ይግባ።

ኪዳነ ወልድ የከተማ አውቶቡስ ሹፌር ነው። ከሥራ ሲመለስ ዩኒፎርሙን እንኳ ሳያወልቅ በቀጥታ ወደ ጓሮ ነው የሚያልፈው፤ እኔን ሰላም የሚለኝ ሲመለስ ነው። የዶሮ መኖ የሚሸጥበት ሱቅ ሄዶ ሻጩ የዘሩን ዓይነት ሁሉ በየስሙ ሲዘረዝርለት ራሱን እየነቀነቀ በትዕግሥት ያዳምጥና በመጨረሻ በጣቱ እያሳየ «ኦኬ፣ ያቺን ገብስማዋን» ይላል። ለእሱ ዶሮ በላባዋ ቀለምና በጠባይዋ እንጂ ፈረንጅ ባወጣላት ስም አትታወቅም። ነጯን ሌግሆርን «ደንባራዋ» ይላታል፤ እንቁላል አትነፍግም፣ ግን ደመና ባለፈ ቁጥር አጥር ትዘላለች። ወፍራሟ ቢጫ ኦርፒንግተን «ቅቤ» ናት፤ ከመጣል ይልቅ መታቀፍ ይቀናታል፣ ድንጋይ ብትሰጧትም ታቀፋለች። ቀይ ዶሮ ለወጥ ነው፣ ሥጋው እሳት ይችላል፣ ከሱፐርማርኬት እንደሚመጣው አጥንቱን ጥሎ አይበተንም ይላል። ከሁሉም አብልጦ የሚወዳት ግን ገብስማዋን ነበር። ጥቁርና ነጩ ላባዋ በሸማኔ እጅ የተሠራ ይመስላል፣ እግሯ ቢጫ፣ አረማመዷ ኩሩ፣ ዝናብ ዘነበ ብርድ ገባ እንቁላሏን የማታቋርጥ ዶሮ ነበረች። ስሟን «እሜቴ» አላት። እኔን በሃያ ዓመት ትዳር አንድ ቀን እሜቴ ብሎኝ አያውቅም።

ባለፈው የጸደይ ወራት እሜቴን ሊድር ተነሳ። የእሜቴን እንቁላልና የቀይ አውራ ሥጋ በአንድ ዶሮ ላይ አገኛለሁ፣ ቀለሟም የእናቷ ይሆናል ብሎ ወሰነ። በከተማው ሕግ ሴት ዶሮ እንጂ አውራ ማርባት ስለማይፈቀድ፣ ከከተማ ወጣ ብሎ እርሻ ያለው አንድ የሥራ ባልደረባውን አማከረ። ሰውዬው ደረተ ሰፊ ቀይ አውራ አለው። ኪዳነ ወልድ እሜቴን በካርቶን አድርጎ ወስዶ እዚያ አቆያት፤ ጓደኞቹ ዶሮዋ የት ሄደች ሲሉት «ጫጉላ ላይ ናት» ይል ነበር። ከተመለሰች በኋላ የጣለችውን እንቁላል ሰብስቦ ለቅቤ አሳቀፋት። በዚህ ሁሉ ጊዜ የአሥራ ስድስት ዓመቷ ልጃችን ኖላዊት ከጎኑ አልተለየችም። የእሱን አሮጌ የጎማ ቦት ጫማ አድርጋ፣ እንቁላሎቹን በስልኳ መብራት እያየች፣ ይሄ ይፈለፈላል ያኛው አይፈለፈልም ትላለች። ሌላ ጊዜ ከስልክ ላይ ቀና የማትል ልጅ ከአባቷ ጋር ጓሮ ውስጥ እየተሳሳቀች ስትውል ሳይ፣ ዶሮዎቹን ለዚህ ስል ብቻ እወዳቸው ነበር።

ጫጩቶቹ ሲፈለፈሉ ሁሉም እንደ ከሰል የጠቆሩ ነበሩ። አምስቱ ግን አናታቸው ላይ ነጭ ነጥብ ነበራቸው፤ ኖላዊት «ዳድ፣ እያቸው፣ ኮፍያ አድርገዋል» አለች። ላባ ሲያወጡ ነጥብ የነበራቸው አምስቱ እናታቸውን መስለው ገብስማ ሆኑ። ነጥብ ያልነበራቸው አራቱ ጥቁር እንደሆኑ ቀሩ። ኪዳነ ወልድ የዚያኑ ሳምንት አራቱን ጥቁሮች ካርቶን ውስጥ ከቶ ለጓደኛው ለበዛብህ ሊሰጥ ተዘጋጀ። ጥቁር ዶሮ የጠንቋይ ነው ሲባል ያደገ ሰው ነው፤ እናቱ እንኳን ሊያረቡት ከግቢ ደጅ አያደርሱትም ነበር። በጠንቋይ አያምንም፤ ባያምንም ግን ጥቁር ዶሮ አይወድም። በዛብህ ጴንጤ ነው፤ «እኔን ምን ያደርገኛል፣ አምጣቸው!» ብሎ በሳቅ ተቀበለው።

ካርቶኑ ወጥ ቤት ጠረጴዛ ላይ ነበር፣ ስልኩም ስፒከር ላይ፤ ታላቅ እህቱ እትዬ ውባንቺ ቅዳሜ ቅዳሜ ከዳላስ ይደውላሉ። ኖላዊት ካርቶኑን በሁለት እጇ ይዛ «ዳድ፣ ለምን ጥቁሮቹን ብቻ?» አለችው። «ጥቁር ቤት አይገባም የኔ ልጅ» አላት። እትዬ ውባንቺ ከዳላስ ቀበል አድርገው «ወንድሜ ድሮም ቀለም ይመርጣል፤ ሚስት የመረጠ ቀን ብቻ ነው መብራት የጠፋበት!» አሉና በሳቅ ፈነዱ። ኪዳነ ወልድም ሳቀ። ክፉ ሰው ሆኖ አይደለም፤ እህቱ ሲቀልዱ መሳቅ ከልጅነቱ የለመደው ሥራ ነው። እኔ ከሠርጌ ቀን ጀምሮ የሰማሁት ስለሆነ ጆሮዬ ደንድኗል። ኖላዊት ግን ጠይም መልኳን የወሰደችው ከእኔ ነው። ካርቶኑን ቀስ ብላ ለቀቀችና ወደ ክፍሏ ወጣች። ከዚያን ቀን ወዲህ ጓሮ አልረገጠችም፤ ከአባቷም ጋር ንግግሯ «ሃይ ዳድ»፣ «ኦኬ»፣ «ፋይን» ብቻ ሆነ። ቦት ጫማዋ የጓሮ በር አጠገብ እንደቆመ ሸረሪት አደራበት። ለኪዳነ ወልድ ነግሬው ነበር። «ቀልድ እኮ ነው እስኩ፣ ጉርምስና ነው፣ ይለቃታል» አለኝ። ዋል አደር ብሎ ግን ስኒ ይዞ ጓሮ በር ላይ ቆሞ ቦት ጫማውን ሲያየው አገኘሁት። አዝኖ ነበር፣ ግን ከየት እንደሚጀምር አያውቅም።

በዚህ ላይ ነሐሴ መጀመሪያ ላይ ራኩን የሚሉት ሌባ አውሬ የዶሮ ቤቱ መቀርቀሪያ ሳይዘጋ ያደረበትን ቀን ጠብቆ እሜቴን በላት። ያንን መቀርቀሪያ የመዝጋት ሥራ የኖላዊት ነበር። ኪዳነ ወልድ ላባዋን በእጁ ለቅሞ ቀበረና «ደግነቱ አምስት ሴት ልጆች ትታልኛለች» ብሎ ተጽናና። እንግዲህ ቅዳሜ ጠዋት መስኮታችን ሥር የጮኹት እነዚያ አምስት «ሴት ልጆች» ናቸው።

ገና ሳንለብስ በር ተንኳኳ። ጎረቤታችን፣ ሸምገል ያለች ነጭ ሴት፣ በፒጃማዋ ላይ ካፖርት ደርባ ባዶ የእንቁላል ካርቶን ይዛ ቆማለች። በየሳምንቱ እንቁላል ስለምንልክላት ትወደናለች፤ የመጣችበትን ለመናገር ግን አፍራለች። እንቁላላችሁ ግሩም ነው፣ ዶሮዎቻችሁ ያምራሉ፣ ግን አውራ ዶሮ አይፈቀድም፣ ሌላ ሰው ለከተማው ኮል ከሚያደርግ እኔ ልንገራችሁ ብዬ ነው አለች። ኪዳነ ወልድ ደረቱን ነፍቶ በእንግሊዝኛ «ሁሉም ሴቶች ናቸው» ብሎ ሳይጨርስ ከጓሮ አንዱ ጮኸ። ሴትዮዋ ባዶ ካርቶኑን ሰጠችውና ትከሻውን መታ መታ አድርጋው ሄደች።

ቁርስ ላይ ቁጭ ብለን እሱ የጠበስኩለትን እንቁላል በሹካ ወዲያ ወዲህ ሲያደርግ ኖላዊት ወረደች። ወተት ቀድታ ልትመለስ ነበር፤ ግን እንደገና ጮኹና ቆመች። ከብዙ ጊዜ በኋላ ለአባቷ ከሦስት ቃል በላይ ስትናገር ያን ጊዜ ሰማኋት። «ዳድ፣ አምስቱም ወንዶች ናቸው። ባዮሎጂ ክላስ ተምሬዋለሁ። ገብስማ እናት ከቀይ አባት ስትወልድ ገብስማነቷን የምትሰጠው ለወንዶች ልጆቿ ብቻ ነው። ሴቶቹ ጥቁር ይሆናሉ። ነጥቡም የወንድ ምልክት ነው።» ኪዳነ ወልድ ሹካውን አስቀመጠ። «ታዲያ የእሜቴ ሴቶች ልጆች?» አለ፣ መልሱን እያወቀው። «ሰጠሃቸው» አለችው። ደግሞ በእንግሊዝኛ ጨመረችበት፣ ጥቁር ስለሆኑ ብቻ ሰጠሃቸው አለችው። እኔ የተጣደውን ሻይ ማየት ጀመርኩ። ስለ ዶሮ ብቻ እንዳልተናገረች እሱም ገባው፤ አንገቱ ድረስ ሲቀላ አየሁት።

ብድግ ብሎ ስልኩን አነሳና ለበዛብህ ደወለ። በዛብህ ሲናገር እንደሚሰብክ ነው፣ ስፒከር አያስፈልገውም። «እንኳን ደወልክ! ዛሬ ልናርዳቸው ነው። ጸጋ ጎመኔን ጨረሱት ብላ ልታብድ ነው። ለዘመን መለወጫ እንግዳ አለብን፤ ፍሪዘር እናስገባቸዋለን። ውሃው ተጥዷል!» ኪዳነ ወልድ ከዚያ በፊት ሰምቼው በማላውቀው ድምፅ «እንዳትነካቸው! መጣሁ!» ብሎ ጮኸና ስልኩን ዘጋ።

ባዶ እጅ መሄድ አይሆንም፣ አውራዎቹም ማደር የለባቸውም፤ ስለዚህ አምስቱን ለመያዝ ወጣ። አምስት ጎረምሳ አውራ ዶሮ በጠባብ ጓሮ ውስጥ አባሮ መያዝ ለሃምሳ ዓመት ሰው የሚመከር ስፖርት አይደለም። እኔ አንሶላ ዘርግቼ በአንድ በኩል ቆምኩ። ኖላዊት ደረጃው ላይ እጇን አጣምራ ታያለች። አራቱ ተያዙ። አምስተኛው በኪዳነ ወልድ እግር መሀል ሾልኮ ሲያልፍ ባሌ ዞር ሲል ጭቃው አዳለጠውና ቅቤ በምትታቀፍበት ሣጥን ላይ በቂጡ ተቀመጠ። ኖላዊት ሳታስበው ሳቀች። ወዲያው አፏን ያዘች፤ ግን ሳቁ አንዴ ወጥቷል፣ አባቷም ሰምቶታል። ጭቃውን እንኳ ሳይጠርግ እዚያው እንደተቀመጠ ፈገግ ብሎ አያት። መኪና ስንገባ ሳትጠራ መጥታ ከኋላ ተቀመጠችና በእንግሊዝኛ «የምመጣው ለዶሮዎቹ ነው» ብላ አስታወቀች።

ከኖርዝጌት በዛብህ እስካለበት ሾርላይን ሩቅ አይደለም፤ ግን በኦሮራ መንገድ ላይ የትራፊክ መብራቱ ሁሉ እኛ ስንደርስ ይቀላል። አንዱ ጋ እንደቆምን አውራዎቹ ከኋላ በኅብረት ጮኹ። አጠገባችን የቆመው ሰው መስኮቱን ዝቅ አድርጎ መኪናችንን ከፊት እስከ ኋላ ተመለከተ። ኪዳነ ወልድ አውቶቡስ ላይ ለተሳፋሪ እንደሚያደርገው በትሕትና እጁን አነሳለት። በመስታወቱ ኖላዊትን ሰረቅ አድርጎ ያያል፤ እሷ በመስኮት ታያለች። የሆነ ነገር ሊላት አፉን ሲከፍት አረንጓዴው በራና ነዳ።

ስንደርስ የበዛብህ ጋራዥ ተከፍቶ ትልቁ ድስት በጋዝ ምድጃ ላይ ይንተከተካል። ቢላው በፎጣ ላይ ተዘርግቷል። ባለቤቱ ጸጋ የጎመን መደቧ አጠገብ ቆማ ልታለቅስ ምንም አልቀራት፤ ጎመኑ ግንድ ብቻ ቀርቷል። አራቱ ጥቁሮች እግራቸው ታስሮ የልብስ ቅርጫት ውስጥ ተጋድመዋል። ጥቁር ያልናቸው ዶሮዎች ፀሐይ ሲያርፍባቸው ላባቸው አረንጓዴና ወይን ጠጅ ይላል። እውነቴን ነው፣ እንደዚያ ያማረ ዶሮ አይቼ አላውቅም። ኖላዊት ማንንም ሳታስፈቅድ ተንበርክካ ገመዱን መፍታት ጀመረች። ኪዳነ ወልድ አምስቱን አውራዎች አውርዶ «በዛብህ፣ ለበዓል ወጉ አውራ ነው። እነዚህን ውሰድና ጥቁሮቹን መልስልኝ» አለ።

በዛብህ እንዲህ ያለ ዕድል በየቀኑ አያገኝምና እጁን ወገቡ ላይ አደረገ። «ቆይ፣ ቆይ። ጥቁር ቤት አይገባም ያልከኝ አንተ አይደለህም?»

«ነኝ።»

«ታዲያ ዛሬ ምን ተገኘ?»

ኪዳነ ወልድ ወደ ቅርጫቱ አየ። ኖላዊት ገመድ መፍታቷን አቁማ ነበር፤ ቀና አላለችም፣ ግን ጆሮዋ እዚህ ነው። «ያልኩት ስህተት ነው» አለ።

«አልሰማሁህም፣ አውራዎችህ እየጮኹ ነው።»

«ስህተት ነው አልኩህ እኮ!»

በዛብህ ከትከት ብሎ ሳቀና ትከሻውን አቀፈው። ነገሩ ያለቀ መስሎኝ ነበር። ነገር ግን ኪዳነ ወልድ ደስ ሲለው አፉ አይዘጋምና «ሴቶች ናቸው፣ ቄብ ናቸው፣ የእሜቴ ልጆች! በዚህ ወር እንቁላል ይጀምራሉ» ብሎ ለፈለፈ። ጸጋ ከጎመኗ ቀና አለች። «ሊጥሉ ነው? ጎመኔን የበሉት በከንቱ አይደለማ! እንግዲያው አልሰጥም» ብላ ቅርጫቱን በእግሯ ከለለችው። በዛብህ ጣሪያ ጣሪያውን ማየት ጀመረ። ባሌም መለመን ሲያምረው ቃል እንደሚጠፋው አውቃለሁ፤ ቆሞ ቀረ።

ያን ጊዜ ኖላዊት ከመሬት ተነሳች። እኔ ስጎተጉታት እንኳ በእንግሊዝኛ የምትመልስልኝ ልጅ ቃሉን አንድ በአንድ እየፈለገች በአማርኛ ተናገረች። «እትዬ ጸጋ፣ እነዚህን ያሳደግኳቸው እኔ ነኝ። ይሰጡ ወይ ብሎ የጠየቀኝ ሰው የለም። በቀለማቸው ነው የተሰጡት። እኔ ደግሞ ቀለማቸውን እወደዋለሁ።» ጸጋ አፏን ከፍታ አየቻት፤ ከዚያ እኔን አየችኝ። እሷም ጠይም ናት፣ እሷም አማት አላት፤ ምንም ማብራራት አላስፈለገም። ዓይኗን በመዳፏ ጠረገችና «ሦስቱን ውሰጂ የኔ እናት። አንዷን ተዪልኝ፣ ጎመኔን የካሰችኝ ያህል ይሁን» አለቻት። ኖላዊት አራቱንም አንድ በአንድ ካየች በኋላ ጎመን ከመብላት የማታርፈውን ትንሿን ሰጠቻትና በጎመኑ ዙሪያ መረብ ልታጥርላት ቃል ገባች። ለበዓል አምስት አውራ፣ ለቤት አንዲት ቄብ ስለቀሩላቸው በዛብህ ስንወጣ እየዘመረ ነበር።

ወደ ማታ ሻይ ላይ እንደተቀመጥን ስልኩ ጠራ፤ እትዬ ውባንቺ ናቸው። ኪዳነ ወልድ እንደ ልማዱ ስፒከር ላይ አደረገው። የቀኑን ውሎ ነገራቸው፣ አውራዎቹን፣ ኦሮራ ላይ የሆነውን፤ እሳቸውም በሳቅ ሞቱ። ጥቁሮቹን መልሼ አመጣሁ ሲላቸው ግን «ውይ! ታዲያ ቤትህን ጥቁር በጥቁር አደረግከው በለኛ!» አሉና የእሱን ሳቅ ለመስማት ዝም አሉ። ኖላዊት ማንኪያዋን ይዛ ቀረች። እኔ ለራሴ ሳይሆን ለእሷ ፈራሁ።

አልሳቀም። ስኒውን ወደ ጎን አድርጎ ወደ ስልኩ ጠጋ አለ። «እትዬ፣ ስፒከር ላይ ነሽ። እስከዳርም ኖላዊትም እዚህ ናቸው። ያን ቀን መብራት ጠፋበት ስትዪ ስቄያለሁ፤ መሳቅ አልነበረብኝም። እንዲህ ያለ ቀልድ ከዛሬ ወዲያ እዚህ ቤት የለም።» ለእህቱ እንዲህ ብሎ የማያውቅ ሰው ነው። እትዬ ውባንቺ ከዳላስ ጉሮሯቸውን ጠረጉና ዝግ ባለ ድምፅ «እንቁላል ይጥላሉ ነው ያልከኝ?» አሉ። «ይጥላሉ።» «በል ጎሽ። እስከዳርን ሰላም በልልኝ... እዚያው ናት ለካ። ሰላም ነሽ እስከዳር?» አሉኝ። ደህና ነኝ አልኳቸው። እውነቴን ነበር።

ኖላዊት ተነስታ ወደ ጓሮ በር ሄደች። ቦት ጫማዎቹን ገልብጣ አራገፈች፤ ሸረሪቱ ወጥቶ ሮጠ። አድርጋቸው ስታበቃ ሳትዞር «ዳድ፣ ራኩኑ ሳይመጣ መቀርቀሪያውን እንዝጋ። ነያ፣ ከም ኦን!» አለችው። አባቷን በሴት አንቀጽ መጥራቷን ሌላ ቀን አርማታለሁ፤ እሱ ግን ምኑንም አልሰማም፣ ሻዩን ጥሎ አንዱን ጫማ በትክክል ሳያጠልቅ እያነከሰ ተከተላት። በመስኮት አየኋቸው። ሦስቱን ቆጥ ላይ ሰቅለው መቀርቀሪያውን ሁለቴ ሞከሩት፤ ከዚያ ምን እንደተባባሉ እንጃ፣ እሷ በትከሻዋ ገፋችው፣ እሱም ሊወድቅ መስሎ ተንገዳገደ።

ሲገቡ ሁለቱም ጭቃ በጭቃ ነበሩ። ኪዳነ ወልድ ስኒውን አንስቶ ቀመሰና ፊቱን አጨማደደ። ከዚያ አንገቱን ሰበር አድርጎ «እሜቴ፣ ሻዬ ቀዝቅዟል፣ ያሞቁልኛል?» አለኝ። ኖላዊት በሳቅ ግድግዳ ላይ ተደገፈች። ሃያ ዓመት የጠበቅሁት ስም ነውና ቀስ ብዬ አጣጣምኩት። ሻዩን ግን ራሱ እንዲያሞቅ ነገርኩት።